አምስተኛው ክፍል

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጅማ በደሌ፣
ጎማ ስቀያይር ነው ያረጀው አካሌ።
ጡረታ ወጥቼ፣ በማኅበር ዕጣ
ሁለት መቶ ካሬ ጊንጆ ዳር ወጣ፤
ጭቃ መሬት፤ ወደ አዌቱ ያዘነበለች፣
አንዲት አሮጊት ዋንዛ መሐሏ ያቆመች።

«ቤቱ አረንጓዴ ይሁን» አለች ነፊሳ።
«ቀለሙን ነው?» ስላት ጎረቤት በሳቋ ከእንቅልፉ ተነሣ።
እሷ ያለችው፣ ዝናቡን የሚያቁር፣ በቀን አምፖል የማይሻ፣
በመጋቢት ሙቀት የማይሆን የቆርቆሮ ዋሻ።

የመጀመሪያው አርክቴክት መጣ፣ ታብሌት በብብቱ፣
ጫማው እንዳይቆሽሽ ከአስፋልት ቆሞ አየው መሬቱን ከነስፋቱ።
በጣቱ ሲያንሸራትት ብልጭ አለ ግንቡ ከነመስታወቱ።
አማረ። ዋንዛዋስ? አጣኋት።
«እሷማ ትቆረጣለች» አለኝ፣ በዐይኔ ስፈልጋት።

ሁለተኛው ቀልጣፋ፤ ዋጋውም ቅናሽ አለው፤
ሲሚንቶ ብረቱን ግን ከአማቹ ሱቅ ብቻ ነው የሚያመጣው።
«አረንጓዴ» ስንለው፣ ጣሪያው ላይ የላስቲክ ሣር ሊያነጥፍ ተነሣ፤
የእጅ ፍሬን ሳብኩኝ። ሸኘነው በምሳ።

ሂክማ፣ የአባ ቦር ልጅ፣ በቦት ጫማ መጣች።
ስለ ክፍል ብዛት ቃል አልተነፈሰች።
«ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በየት በኩል ይገርፋል?
ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ውኃ በየት ያልፋል?
ጋሽ አወል በስንት ሰዓት ነው የሚነቁት?»
የሹፌር እንቅልፍ ነው፣ ሌሊቱ ዐሥራ አንድ ላይ እንደሚያልቅ ነገርኳት፤
ምሥራቁን ማዕዘን በእርሳስ ከበበች፦ «መኝታዎ እዚህ ናት።»

በርጩማ ተውሳ ቀኑን ሙሉ ዋንዛዋ ሥር ዋለች፣
ጥላው ሲሸሽ እየተከተለች፣
በየሰዓቱ ችካል እየተከለች።
«ጂን ትለካለች» አለ ሰፈሩ።
እኔ ደግሞ ቆጪ ሄጄ፣ የሠራችለትን ሰው ለብቻው ጠየቅኩ።
«ትጨቃጨቃለች» አለኝ፤ «ግን ስትጠራት ትመጣለች።» ከዚህ በላይ ምን ፈለግኩ?

ተጣላንም እንጂ! እኔ ያማረኝ ወደ መንገዱ የሚያይ ሙሉ መስታወት፣
ጓደኞቼ በአይሱዙ ሲያልፉ ክላክስ የሚያደርጉለት።
«ምዕራብ ነው፣ ጋሽ አወል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠበሳሉ» አለች።
«ቤቱ የኔ ነው!» አልኩኝ። ወረቀቷን ጠቀለለች።
ሳምንት ጠፋች።
ሳምንት ሙሉ በዘጠኝ ሰዓት፣ መስታወቱ በሚቆምበት ቦታ ቆምኩ፣
ፊቴ እስኪላጥ። ከዚያ ደወልኩ።

ማዘጋጃ ቤት ገባን። መነጽሩን ያወለቀው ሹም
«ይህች ክብ ምንድን ናት?» «ዋንዛ ናት።» «ዛፍ ፕላን ላይ አይሣልም!»
ሂክማ እስክሪብቶ አወጣች፤ ክቧ መሐል ጻፈች፦ «ክፍል አምስት።»
ማኅተሙ ዷ! አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳቅን፣ ሆነን ሦስት።

ሁሉም አልሠመረም። ሐምሌ ገባና፣ ያቆርነው ውኃ ሞልቶ
ወደ መኝታችን ፈሰሰ፣ የጭቃውን ግድግዳ ቦርቡሮ ገብቶ።
ምክንያት አልደረደረችም። በምሽቱ ባጃጅ ይዛ መጣች፣
«ስሕተቱ የኔ ነው፤ ቱቦውን አጥብቤዋለሁ» አለች፣
ከግንበኛው ከከሊፋ ጋር፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ቦይ ቆፈረች።
እኔ ሰው የማውቀው ጎማ ሲፈነዳ ነው፤
ማን ጋቢና እንደሚቀር፣ ማን ወርዶ ጃክ እንደሚይዝ ያኔ ነው የሚለየው።

አሁን እንግዳ ሲመጣ «ስንት ክፍል ነው?» ይለኛል። «አምስት።»
ይቆጥራል፦ መኝታ፣ መኝታ፣ ሳሎን፣ ማድቤት።
ይዞራል። እንደገና ይቆጥራል።
ነፊሳ በምሥራቁ መስኮት ትጣራለች፦ «አወል! የት ነህ?»
«ክፍል አምስት» እላታለሁ፤
ወፍ የጣለችው የዋንዛ ፍሬ ትከሻዬ ላይ ተጣብቋል።